የክዳኑ ጭረት

እትዬ ቺዩ የሣጥኑን ክዳን ወደ መብራቱ ታዘነብለዋለች። ጭረቱ ይታያል። ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ግን ጠቆር ባለው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ፣ በወርቅ የታተመውን ደመና አቋርጦ፣ በክዳኑ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል።

«ሌላም አለ» ትላለች። ቀጣዩን ታነሳለች። ከሥሩ ያለውንም። «ሁሉም በግራ ጎኑ። ሴቶች፣ የሙጫውን ማሽን አቁሙና እጃችሁን አሳዩኝ።»

ጓንታችንን አውልቀን እጃችንን እንደ ተማሪ ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋለን። እትዬ ቺዩ የዚህ መስመር አለቃ ናት። ከሰዓት በኋላ የሣጥኖቹ ገዢ የላከው ሰው ይመጣል። ጭረት ካገኘ የጨረቃ በዓል ኬክ የሚታሸግባቸውን ሣጥኖች በሙሉ ይመልሳቸዋል፤ በዓሉ ደግሞ እኛን ብሎ አይቆምም።

ቀለበት ያደረገ የለም። ሰዓት ያሰረም የለም። ከአጠገቤ የምትቀመጠው፣ ከሁናን ክፍለ ሀገር የመጣችው ቹንሌይ ግን ጥፍሯን አሳድጋለች።

«በዚህ ጥፍር ሣጥን ምን ያደርግልሻል?» እላታለሁ። «ሂጂ አይጥ ያዢ።»

«አንቺ ምላስሽን ቁረጪ፣ ከኔ ጥፍር ይረዝማል። ጓንት ውስጥ ያለ ጥፍር ደግሞ አይጭርም፣ ምሁሯ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። የሚሳቅበት ቦታ መሆኑን ስለማውቅ እኔም እስቃለሁ።

ምሁሯ የሚሉኝ በማዕዘን አጣጠፌ ነው። የሽፋኑን ወረቀት ሳይሸበሸብ፣ ሙጫ ሳይተፋ የካርቶኑ ማዕዘን ላይ ማጠፍ ማንም አላስተማረኝም። ሌሎቹ ምሳቸውን በልተው ጋደም ሲሉ፣ እኔ የተጣለ ወረቀት ላይ እጄን አሠለጠንኩ። አሁን አዲስ የምትገባ ልጅ ሁሉ እኔ ጋ ትላካለች። አንሺ እንጂ አትጎትቺ እላታለሁ። በክዳንና በክዳን መሃል ስስ ወረቀት ሳታደርጊ አትደርድሪ፤ ሙጫ የነካው ጓንት በዚያው ይጣል። የኔ ክዳን ተጭሮ አያውቅም።

እትዬ ቺዩ ክዳኑን ገልብጣ ማዕዘኑን ታየዋለች። እኔም አየዋለሁ። እንዲህ የምታጥፍ ሌላ ሴት እዚህ ቤት የለችም።

«የኔ ነው» እላለሁ።

አሁን የሚስቅ የለም። እጆቼን አገላብጣ ታያለች፤ ንጹሕ ናቸው።

«እስቲ እንደምትሸከሚው ተሸከሚልኝ።»

የክዳኖቹን ቁልል አነሳለሁ። ወደ መደርደሪያው ስወስድ እንዳይናድ ግራ ክንዴ ላይ አስደግፈዋለሁ። እዚያው ታስቆመኛለች። ጣቷ የአጭር እጅጌዬ ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩ የሐዘን ጨርቅ ላይ ያርፋል። ጨርቁን የያዘው መርፌ ቁልፍ ተከፍቶ ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቷል።

አባቴን የቀበርነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሙሾ አውራጅ ቀጥረን ነበር። ጥሩ አለቀሰች፤ እንጀራዋን አልቀማኋትም። በማግስቱ ወደዚህ፣ ወደ ዶንግጓን ባቡር ተሳፈርኩ። ጨርቁን ያደረገችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እስከ ሰባተኛው ሳምንት እንዳታወልቂው፣ ለአፍታም ቢሆን ከክንድሽ እንዳይለይ አለችኝ፤ ካወለቅሽው አባባን መንገድ ላይ ጥለሽው ሄድሽ ማለት ነው።

«ሩፒንግ» ትላለች እትዬ ቺዩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወይ አውልቂው፣ ወይ በዓሉ እስኪያልፍ ካርቶን መቁረጫው ጋ ውረጂ። ምን ላድርግሽ?»

መቁረጫው ጋ ያለው ግራጫ ብናኝ ብቻ ነው። እዚያ ማዕዘን የለም። አንድ ነገር እንዲሰማኝ እጠብቃለሁ፤ ንዴትም ይሁን፣ እንባም ይሁን፣ የመጣው ይምጣ። አይመጣም። ማራገቢያው ከራሳችን በላይ ወበቁን ያማስላል።

«እሺ» እላለሁ።

«የቱ ነው እሺ?»

እሱን አላውቅም።

«ኧረ እትዬ፣ ክር እኮ አይጭርም!» ቹንሌይ ሪባን የምንሰፋበትን መርፌ ይዛ ተነስታለች። «ሳይወልቅ፣ እዚያው ክንዷ ላይ እሰፋዋለሁ።»

እትዬ ቺዩ ወደ በሩ ታያለች። «በሉ፣ ቶሎ።»

ቹንሌይ ከስሱ ወረቀት ቁራጭ ቀድዳ አፌ ላይ ታደርገዋለች። «ንከሺው። ሰው የለበሰው ልብስ ሲሰፋበት አፉ ባዶ ከሆነ ሌባ ይሉታል። ለኛም ጆሮ ዕረፍት ነው።»

እነክሰዋለሁ። ጨርቁን በአውራ ጣቷ ተጭና መርፌ ቁልፉን ትነቅላለች፤ ከዚያ ጥቁር ክር ማስገባት ማስወጣት ትጀምራለች።

«አለቀስሽለት?»

ራሴን ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ።

«ይመጣል። የማይሆን ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። እኔን አውቶቡስ ውስጥ፣ ቆሜ እየሄድኩ ነው የያዘኝ። አንድ ሽማግሌ ቦታ የፈለግሁ መስሎት ተነሳልኝ።» ክሩን ትስባለች። «ትንሽ ቀረኝ፣ አትነቃነቂ... ውይ! ወጋሁሽ?»

መወጋቴን ያወቅኩት አይቼ ነው። ደሙ ከእጅጌዬ ሥር ብቅ ብሎ ክንዴን ይዞ ይወርዳል። የሌላ ሰው ክንድ ይመስላል። ከክርኔ ሥር ክዳኖቹ ተደርድረዋል፤ የላይኛው ገና ስስ ወረቀት አልለበሰም።

«አያምሽም እንዴ አንቺ?»

ክንዴን ከክዳኖቹ አርቄ ወደ ባዶው ወለል በኩል እዘረጋዋለሁ። ደሙ ክርኔ ላይ ይንጠለጠላል፣ ይከብዳል፣ ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል።