ሰማያዊ ፊኛ

«ነደፈኝ ማሚ! እግሬን! ኢትስ በርኒንግ! እያቃጠለኝ ነው!»

ፀዳል ስልኩን እንደያዘች ከመስኮቱ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። ከአረጋውያን መጦሪያው ፈረቃዋን ጨርሳ ከገባች አሥር ደቂቃ አልሞላትም፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ስክሪኑ ላይ አሸዋ ይታያል፣ ሰማይ ይታያል፣ የልጇ ጉልበት ብቅ ይልና ይጠፋል። በዚያ በኩል ስልኩን የያዘችው የልጇ ጓደኛ ሳራ አንድ ቦታ አልቆም ብላለች።

«እዚሁ ኦሮራ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ አለልሽ አይደል ወይ?» ብላት ነበር ባለፈው ሳምንት። ልጇ አቢጊያ ሳቀችባት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሐይቅ ባሕር አይሆንም ብላ ከሳራ ጋር ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ወረደች። ይኸው እንግዲህ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ምንድን ነው የነደፈሽ?»

«ጄሊፊሽ መሰለኝ! አላውቅም!»

«ቦርሳሽን ክፈቺ። በትንሿ ሃይላንድ ፀበል አድርጌልሻለሁ። በእመቤቴ ስም ብለሽ አፍስሺበት!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አቢጊያ ዓይኗን ወደ ላይ ትሰቅል ነበር። አሁን ግን አልተከራከረችም። የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት ተሰማ፣ ውሃው ወረደ፣ ቀጥሎ ልጅቷ ከቅድሙ የባሰ ጮኸች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ የፀዳል ባል ሀብቱ። የሀብቱ ነገር! ቤት ቢቃጠል የጫማውን ክር አስሮ ነው የሚወጣው። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያነባል። «ጄሊፊሽ የሚባለው የባሕር እንስሳ ከነደፈ ጨው አልባ ውሃ አይደረግበትም ይላል። ቆዳዋ ላይ የቀሩትን የእንስሳውን መርዘኛ ክሮች ይቀሰቅሳቸዋል፣ እንደገና መርዝ ይረጫሉ። የባሕሩ ውሃ ነው የሚሻለው።»

«ፀበል እኮ ነው ሀብቱ!»

«ያው ውሃ ነው፣ ፀዱ። ጨው የለውም።»

ፀዳል ምድጃውን ተደግፋ ቆመች። እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ በገዛ እጄ ጠቅልዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ማርያምን ይቅርታ መጠየቋ ይሁን ልጇን አላወቀችውም። ግን መናገሩ አልቀረላትም። «አቢ፣ አቁሚ! ፀበሉን አታፍስሺበት!» በሕይወቷ ይወጣኛል ያላለችው ቃል ነው።

«ዓይነቱን እንወቅ» ይላል ሀብቱ። «አንዱ ዓይነት መልኩ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን። እሱ ከሆነ...»

«ከሆነ ምን?»

«ልብ ያቆማል ይላል።»

«ማሚ፣ ኢት ዋዝ ክሊየር!» አለች አቢጊያ እያለቀሰች። «ብርጭቆ መሰለኝ!»

ፀዳል ስልኩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ወዲያው ግን አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ሥራ ደረሰላት። መጦሪያው ውስጥ አንድ አዛውንት ቢወድቁ ነርሷ የምትጠይቃት የመሰላትን አይደለም። ያየሽው ቀለም ምንድን ነው? ስፋቱ ስንት ነው? ሌላውን ተይው። ድምጿ ተለወጠ።

«አቢ፣ ስሚኝ። ትተነፍሻለሽ? ደረትሽን ይጫንሻል? ከንፈርሽ አብጧል?»

«አልተጫነኝም። አላበጠም። እግሬ ብቻ ነው።»

«እሺ። እሱ ከተለወጠ በ911 መደወል ነው። ሳራዬ፣ አንቺ ደግሞ የነደፋትን ፈልጊልኝ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፣ የመሰለሽን አይደለም። እንዳትነኪው፣ ቢሞትም ይናደፋል ይላል ሀብቱ።»

ስልኩ አሸዋው ላይ እየዘለለ ሄደ። ፀዳልም ሳሎኑ ውስጥ አብራው ሄደች፤ ሶፋውን ዞረች፣ ሀብቱን ዞረች፣ ቻርጀሩ እግሯን ጠለፋት።

«አንቲ፣ አገኘሁት! ሞገዱ አውጥቶታል። ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ወይንጠጅ።»

«ቅርጹ?»

«ፊኛ። የተነፋ፣ ከላይ እንደ አውራ ዶሮ የራስ ኩክኒ ያለበት። ከሥሩ ረጃጅም ሰማያዊ ክር ተጎትቷል።»

«ማዕዘን አለው? አራት?»

«የለውም።»

«ደግመሽ እዪው!»

«የለውም አንቲ፣ እግዚአብሔርን!»

ፎቶው ገባ። ሀብቱ የራሱን ስልክ ከእሷ ስልክ ጎን አስቀመጠ፤ ያው ፊኛ፣ ያው ኩክኒ፣ ያው ክር። «ይኸው ስሙ» አለ፤ «የፖርቹጋል የጦር መርከብ ይሉታል። እንደውም ከነአካቴው ጄሊፊሽ አይደለም ይላል። በጣም ያማል፣ ግን ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው።»

«የጦር መርከብ!» አለች ፀዳል። «ልጄን ተዝናኚ ብዬ የላክኋት ለዚህ ነው?» ሳቋ ከእንባዋ ጋር ወጣ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። የሳራ የቅንድብ ወረንጦ ተፈለገ። ክሮቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ፣ አቢጊያ በእያንዳንዱ ጮኸች። አትሺው፣ በባሕሩ ውሃ እጠቢው፣ ሆቴል ስትገቡ በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፊዋለሽ። ጭኗ ላይ በአለንጋ የተገረፈች የሚያስመስል ቀይ መስመር ቀርቷል። ትንፋሿ ግን ረጋ እያለ መጣ።

የፀበሉ ጠርሙስ አሸዋው ላይ ግማሽ ሆና ቆማ ለፀዳል ትታያታለች፤ ዓይኗን ከጠርሙሷ ላይ ልትነቅል አልቻለችም።

«ማሚ» አለች አቢጊያ። «ፀበሉ ተርፏል። ምን ላድርገው?»

ሀብቱ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ጠጪዋ» አለች ፀዳል ቀስ ብላ። «እግርሽን ነው እንጂ አንቺን ያቃጥላል አልተባለም።»

አቢጊያ ጠርሙሷን አነሳች። ፀበል ልርጭሽ ሲሏት የምትሸሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰዓቷን የምታይ ልጅ አማተበች፤ አሸዋ በነካው እጇ፣ ከግንባሯ ጀምራ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ አንጋጥጣ ጠጣች።

ኦሮራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፀዳል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጇ በዋጠች ቁጥር የእሷም ጉሮሮ አብሮ ይውጣል።