ዞብል በቀኝ በኩል

«ተራራውን እያዩ ይቆዩ፣ እትዬ ሳሊሀ» ይላል ሐኪሙ ዋሲሁን፣ መድኃኒቱን በደህናው ክንዷ ላይ በተሰካው ቱቦ ቀስ አድርጎ እየገፋ። ከአልጋዋ ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ውስጥ ዞብል ከነደመናው ቆሟል።

«ኬታሚን ይባላል» ትላለች ነርሷ ቅድስት። «ዓይንዎ እንደተገለጠ ይቀራል እንጂ ሕመሙ አይሰማዎትም። የተሰበረውን ክንድዎን አቃንተን በጀሶ እናስረዋለን፣ በቃ።»

ይህን ሁሉ አሚና አልሰማችም፤ ደጅ ነው ያለችው። ሳሊሀ ማሽላዋን ከወፍ ስትጠብቅ ከማማው ላይ ስትወድቅ ሌላ ሰው ባለመገኘቱ፣ ከሮቢት እስከ ቆቦ በባጃጅ ያመጣቻት ይህችው ታናሽ እህቷ ናት። ባለፈው ክረምት ጎርፉን ወደ ማሳ በመጥለፍ ተራ ሰበብ ከተጣሉ ወዲህ ግን ሁለቱ አይነጋገሩም።

ዞብል ይቀልጣል። ቡናማ ጎርፍ ሆኖ በመስኮቱ ይገባና የሳሊሀን ክንድ ከትከሻዋ ነጥሎ እያንሳፈፈ ይወስደዋል። የሆነ ቦታ የማሽላ አገዳ ቀሽ ብሎ ይሰበራል። የማን ማሳ እንደሆነ ልትጠይቅ ታስባለች፤ አፍ እንዳላት ግን እርግጠኛ አይደለችም።

ቆይቶ ጣሪያው ይዞራል፤ ወይም እርሷ ትዞራለች። ከሥሯ ጎማ የመሰለ ነገር ሲንሲያጠጥ ትሰማለች። ጆሮዋ ላይ የሰው ትንፋሽ አለ።

«እታለም! ኧረ እታለም! ዓይኗ ፈጦ ቀረ፣ ያ አላህ! ላ ኢላሃ ኢለሏህ በይ፣ እታለም፣ በይ!»

እንግዲያው ሞቻለሁ፣ ብላ ታስባለች ሳሊሀ። የሚገርመው፣ አላዘነችም፤ ወፉን ማን እንደሚያባርር ብቻ ግራ ገብቷታል።

«አውፍ በይኝ። ይቅር ሳትዪኝ እንዳትሄጂ፣ እታለም።»

ልትላት ትፈልጋለች። ቃሉ ደረቷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ምላሷ ግን ከክንዷ ጋር በጎርፉ ሄዷል። ድምፁ ይርቃል፣ ይርቃል።

«ወፉ በላው!»

ያነቃት የራሷ ጩኸት ነው። ቅድስት እየሳቀች ግንባሯን ትዳብሳለች። «እንኳን በሰላም ተመለሱ! ክንድዎ ተቃንቷል።»

አሚና ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

«እህቴ የሆነ ነገር አለችኝ?» ትላለች ሳሊሀ በሹክሹክታ።

«አጠገብዎ አስቀምጫት እጄን ታጥቤ ስመለስ እንዲሁ ዝም ብላ ነው ያገኘኋት። መድኃኒቱ የሌለውን ያሰማል እኮ። ባለፈው አንድ አባት ዋጃ ከተማ ድረስ በርሬ ደርሻለሁ ብለው ሲሟገቱን ነበር።» ቅድስት ወደ ግሉኮሱ ቱቦ ታያለች። «ይሄ ደግሞ ለምን እንዲህ ተወጠረ?» መስቀያውን ወደ አልጋው ታስጠጋና ትወጣለች።

ሳሊሀ ግራ እንደገባት ትቀራለች። እውነት ከሆነ እህቷ ለምናት መልስ አላገኘችም። ህልም ከሆነ ደግሞ ያልተጠየቀችውን አውፍ ብላ ለሮቢት ሰው ሁሉ መሳቂያ መሆኗ ነው። «እታለም» የሚለውን ቃል ከጠቡ ወዲህ ከአሚና አፍ ሰምታው አታውቅም።

ልቧን ለማረጋጋት ተራራውን ትፈልጋለች። የለም። ፊት ለፊቷ ነጭ ግድግዳ ነው። መድኃኒቱ ገና አልለቀቀኝም፣ ትላለች። ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች። ዞብል በቀኟ በኩል ቆሟል።

ዞብል ከቀኝ ከሆነ፣ እግሯ የተዘረጋው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋጃ ነው። የዋጃ አቅጣጫ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰግድ የኖረችበት ቂብላ ነው። ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው እንዲህ የሚዞረው።

ተራራው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የዞረው አልጋው ነው።

«አሚና» ትላለች። «አውፍ ብያለሁ። አንቺም በይኝ።»

አሚና ከግድግዳው ላይ ፊቷን አታነሣም። «ዓይንሽ ፈጦ እኮ ነው!» ትላለች። «ምን ላድርግ?»

«ምንም። ገና ነኝና ወደ ቦታዬ መልሺኝ።»

አሚና ተነሥታ፣ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ አልጋውን ትገፋለች። ጎማው ይንሲያጠጣል፤ ዞብል ቀስ እያለ ወደ ሳሊሀ ፊት ይመለሳል።