ቆንጅት ያልረገጠቻት መንደር

«መንገደኞች ካላችሁ ለጸሎት ወደ ፊት ኑ» አሉ ጋሽ ዘነበ። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ባሌ ታደገ ክንዴን ይዞ ብድግ አደረገኝ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ነው። ከካልጋሪ ርቆ የሚሄድ ሰው መድረኩ ሥር ይቆማል፣ የሚሄድበትን ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። እኔ ግን የምሄድበትን መናገር አልፈለግሁም። ምክንያቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች።

በቆንጅት መቅናት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። ዋይትሆርን ሰፈር የገባነው አብረን ነው፣ መዘምራን ውስጥ የገባነውም አብረን ነው። እሷ ታዲያ በየዓመቱ አውሮፓ ደርሳ ትመጣለች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲቀርብ የፎቶ አልበሟ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቆንጅት ፓሪስ ኤፍል ታወር ሥር፣ ቆንጅት ሮም ፏፏቴው ዳር። እኔም «ታድለሽ» እላለሁ፣ አልበሙን ግን ሳልጨርስ ለሚቀጥለው አቀብላለሁ። ካቻምና ደግሞ እኔ ሞኝ፣ ቬኒስን ልናይ አስበናል ብዬ አጫወትኳት። በግንቦት ሄዳ ጀልባ ላይ የተነሣችውን ፎቶ ይዛልኝ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ነው ማንም የማያውቀው ቦታ ካልሆነ አልሄድም ያልኩት። ኢንተርኔት የሚባለውን ገና በወሬ ነበር የምንሰማው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ከሥራ ስወጣ በባቡር ዳውንታውን ላይብረሪ እየሄድኩ የጉዞ መጻሕፍትን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩ፤ ፊት ፊት ያሉትን ቆንጅት ጨርሳቸዋለች። ሥዕል ያለበትን ገጽ አልፋለሁ። ኮከብ የተደረገበትንም አልፋለሁ። በመጨረሻ ፖርቱጋል ውስጥ፣ ከተራራ ላይ፣ ፔድራልታ የምትባል መንደር አገኘሁ። የተጻፈላት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ አውቶቡስ። እዚያው ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጋሽ ዘነበ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አስጠጉና ጉዞው ወዴት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አውሮፓ» አልኩ።

ጉባኤው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ አውሮፓ ሰፊ ነው፣ በስም ጠርተን እንድንጸልይ ንገሪን አሉኝ። ቆንጅት አንገቷን አስግጋለች። በስፔን በኩል ሳናልፍ አንቀርም፣ ገና አልወሰንንም፣ እያልኩ ስቀባጥር ታደገ ማይክሮፎኑን ተቀበላቸው። ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዋሸት አይችልም፤ ሌላ ቦታም አይችልም።

«ፖርቱጋል ነው ጋሼ። ፔድራልታ ትባላለች። ቱሪስት የሚባል አያውቃትም። ሚስቴ ምሥራች ናት ላይብረሪ ተመላልሳ፣ ሪሰርች አድርጋ ያገኘቻት።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆንጅት ከእኛ ቀድማ ትኬቷን ስትቆርጥ ታየኝ።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እትዬ የዓለምወርቅ ናቸው፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ መጥተው የሚሄዱ እናት። ከወንድ ልጃቸው ጋር ካስልሪጅ ሰፈር ይኖራሉ። ሴት ልጅም እንዳለቻቸው እንሰማለን። የት ናት ሲባሉ «አውሮፓ» ይላሉ፣ ከዚያ በላይ የጠየቃቸውም የለም። ወንበሮቹን እየተደገፉ እስከ ፊት መጡና ሁለቱን እጆቼን ያዙ።

«ፔድራልታ አላችሁ?» አሉኝ። «ልጄ ሮማነወርቄ ያለችው እዚያ ነው። ባሏ የዚያ አገር ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላየኋትም።»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ቀደመችኝ ነው ያልኩት። ያን ያህል ለፍቼ ባገኘኋት መንደር አንዲት የሐበሻ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ዳቦ እየገዛች ኖራለች። አይቻት በማላውቃት ሴት ቀናሁ።

እትዬ የዓለምወርቅ እጄን አልለቀቁም። የመንደሩን ስም ለሰው ሲናገሩ «የት ነው እሱ?» መባል ሰልችቷቸው መናገሩን እንደተዉ፣ ልጃቸውን የሚጎበኝ ሰው እንዲላክላት መጸለዩን ግን እንዳልተዉ በዝግታ ነገሩኝ። ማይክሮፎኑ አጠገባቸው ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ይሰማል።

«እዚህ ጉባኤ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም እኮ» አሉ። «ጌታ ነው ያሳየሽ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ሰው ጌታ አሳየኝ ካለ አለቀ፤ ለዓመታት ሲመሰከርለት ይኖራል። ሽማግሌዎቹ መልሴን ይጠብቃሉ። ታደገ መሬት መሬት ያያል፤ ላይብረሪ ያመላለሰኝ ምን እንደሆነ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። በእትዬ የዓለምወርቅ ትከሻ በኩል ቆንጅትን አየኋት። አፏን ከፈት አድርጋ ትመለከተኛለች። እንዲያ ተመልክታኝ አታውቅም። ቅናት ነበር፤ ቅናትን እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

አዳራሹ በሃሌሉያና በእልልታ ተናጋ። ቆንጅት ከሁሉም ዘግይታ አጨበጨበች። ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። አንድ ጉርሻ ያህል ጣፈጠኝ።

ከዚያ ተንበረከክን፣ እጆች ራሴ ላይ ተጫኑ። ከመካከላቸው አንዱ ቀላል የአሮጊት እጅ ነው፤ የማን እንደሆነ ሳላይ አወቅሁት። ጋሽ ዘነበ ስለ መንገዱ፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ድምፁን ሰምታ ስለታዘዘችው እህታችን ጸለዩ። ቀና ብዬ ቆንጅትን ደግሜ ላያት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። አሜን ተባለ። እጆቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ያ አንዱ ብቻ እዚያው ቀረ።