ሦስተኛው ኮምፒውተር

«እንዴት ነው መንገድ የሚጠፋው?!»

ስልኩ ላይ እየጮኸ የቢሮውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ይዘላል።

ሚስቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት… ምጧ ያለ ጊዜው መጥቶ ደም እየፈሰሳት ነው።

የአምቡላንስ ጣቢያው ስልክ ተቀባይ መለሰችለት።

«ወንድሜ፣ ወደ እናንተ ሰፈር የሚያስገባው ዋና መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሯል። የውስጥ ለውስጡ ደግሞ አባትህ ያስቀመጡልን ፎልደር ውስጥ ነበር… ከትናንት ጀምሮ ግን ባዶ ነው!»

ደረጃው ላይ ቀጥ አለ። እሱ ራሱ የሚያውቀው ዋናውን መንገድ ብቻ ነው።

ከትናንት ጀምሮ…

አባቱ ዕድሜውን ሙሉ አምቡላንስ የነዳ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አባ መስመር» ይሉታል። ጂፒኤስ ከተሰጠው ቀን ጀምሮ የሄደበትን ሁሉ እየቀዳ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል።

እያንዳንዱ ጉዞ ስም አለው። ስም ስላችሁ…

«ሰማያዊ በር፣ ውሻ አለ፣ በጓሮ ግቡ።»

«ቁልቁለቱ ሲዘንብ ያዳልጣል፣ ዙሩ።»

ጡረታ ወጥቶም አልተወም። መሣሪያውን ኪሱ ከቶ አዳዲሶቹን ሰፈሮች በእግሩ ያካልላል።

ልጁ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የአባቱን ኮምፒውተርና የጣቢያውን በኢንተርኔት ያገናኘው ራሱ ነው። እዚህ የተጨመረ እዚያም ይጨመራል።

አባትየው ግን በዚህ አልረካም! በየቅዳሜው ሁሉንም በፍላሽ ገልብጦ፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ሦስተኛ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል።

«አባዬ፣ ይሄንን ቅርስ ለምን ለሙዚየም አትሰጠውም?» እያለ ልጁ ይስቅበት ነበር።

ትናንት የአባቱ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ሲባል ሄዶ ፎልደሩን ጠራረገው። «ይሄ ሁሉ ኮተት! ደሞ ጣቢያው ቅጂ አለው» ብሎ።

እዚህ የጠፋ እዚያም እንደሚጠፋ… ያገናኘው እሱ፣ ባለሙያው፣ ረሳው።

አባቱ ጋ ደወለ።

«አባዬ! እኔ ቤት አምቡላንስ በየት በኩል ነው የሚገባው?»



«ያንተ ቤት… የቱ ነበር ልጄ?»

አባቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገር ይረሳል። ዕድሜ ነው እየተባለ ታልፎ ነበር።

«ቆይ» አለ አዛውንቱ። «እኔ ብረሳ ሦስተኛው አይረሳም።»

በስልኩ ውስጥ ያ ወፍጮ ሲነሳ ተሰማ… ልጁ በሕይወቱ እንደዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምቶ አያውቅም!

አባት መነጽሩን አድርጎ ፋይሉ ውስጥ የጻፈውን አቅጣጫ አነበበ፤ ልጅ በሁለተኛው ስልኩ ለጣቢያው ስልክ ተቀባይ አቀበለ።

«ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ… የቆርቆሮ አጥሩን ይዛችሁ… ድልድዩን ሳትሻገሩ ወደ ቀኝ… የብረት በሩ የተዘጋ ይመስላል፣ ግፉት፣ ይከፈታል።»

አምቡላንሷ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰች።

እናትም ተረፈች። ልጅም ተረፈች። አዎ፣ ሴት ናት።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ፎልደሩን ሊመልስ አባቱ ቤት ሄዶ ወፍጮው ፊት ተቀመጠ።

«ይሄኛውን እንዳላገናኘው ለምን ነበር የከለከልከኝ?»

«እነዚያ ሁለቱ በጣም ይዋደዳሉ» አለ አባቱ። «አንዱ ገደል ሲገባ ሌላውም ይከተለዋል። የማይከተል አንድ ያስፈልጋል።»

ልጁ አቀርቅሮ ፋይሎቹን መገልበጥ ጀመረ… የራሱን ቤት መስመር አገኘው።

ባለፈው ዓመት የተቀዳ ነው። የጉዞውን ስም አነበበ።

«የልጄ ቤት። ሐኪሙ ዛሬ ቀስ በቀስ ትረሳለህ ብሎኛል። መጀመሪያ ይሄንን ልቅዳ። እኔ ብረሳው እናንተ እንዳትረሱት።»

ለማንም አልነገረም ነበር… ለልጁም።

ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አባትየውም ደንግጦ «ምነው? ሚስትህ ደህና አይደለችም?» አለው።

ወዳጆቼ… «ኮተት» ብለን የምንጠርገው ነገር፣ አንድ ሰው መርሳት የማይፈልገው ፍቅር ሊሆን ይችላል። ወላጆቻችን ሲደጋግሙና ሲጠነቀቁ ከመሳቃችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቃቸው።

(እኔም ይሄን ጽፌ ስጨርስ ፍላሼን ፍለጋ ተነስቻለሁ።)

እናንተስ… የሳቃችሁበት፣ ኋላ ግን ያዳናችሁ የአባት ወይም የእናት «ኮተት» የቱ ነው? ኮሜንት ላይ አውጉኝ…