የኮረብታው መቅደስ

ምንትዋብ ባሏ ለትምህርት ጃፓን ከሄደ በሦስተኛው ዓመት ቪዛ ቀንቷት ኪዮቶ ገባች። ልዑልሰገድ ከተማዋን ሲያስጎበኛት እሱም እንደ እንግዳ ይደነቅ ነበር። በወርቅ የተለበጠውን ቤተ መቅደስ ያዩ ዕለት፣ «ያላንቺ አንዱንም አላየሁም፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ብቻ ነበርኩ» አላት። ክንዱን እቅፍ አደረገችው። ሚስቱ እስክትመጣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን የሚያስጾም ባል ከወዴት ይገኛል?

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ያለውን ቀይ መቅደስ ካላየሁ አለች። «ዳገቱ አይቻልም፣ ይቅርብሽ» ቢላትም እጁን ይዛ እየጎተተች ወጣች። ላይ እንደደረሱ እሱ ውሃ ሊገዛ ሄደ። እሷ ደግሞ ጎብኚዎች ስለታቸውን ጽፈው ወደሚሰቅሏቸው ትናንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ተጠጋች። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱም አይነበብላትም። ድንገት ከጃፓንኛው መሀል የአማርኛ ፊደል ብቅ ሲል እንደ ሕፃን ፈነደቀች። የአገሯ ሰው እዚህም ደርሷል! ባሏን ልትጠራው አሰበችና፣ መጀመሪያ ላንብበው ብላ ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«የመጀመሪያ ልጃችን በሰላም ይወለድ። ልዑልሰገድ እና ሶስና።»

የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች። ከሥሩ የተጻፈው ቀን ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

ልዑልሰገድ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ እያለከለከ መጣ።

«እህስ፣ ቦታውን እንዴት አገኘሽው?» አላት።

«ያምራል» አለች፣ ውሃውን ሳትቀበለው። «ሶስናስ ወድዳው ነበር?»