የተሻለው ጉልበት

በረኛው ጉልበቱን ተጎድቶ ከተኛ ወዲህ ቡድኑ በሽንፈት ላይ ሽንፈት እየደረበ የደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። አሰልጣኙ ጋሽ መርዕድ ግን በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ እየመጣ፣ «አይዞህ፣ አንተ ብቻ ዳንልን» ይለው ነበር። በረኛው ይህን እያሰበ ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

ሐኪሙ በፈቀደለት ማግስት ጓንቱን ይዞ ሜዳ ሲደርስ ጋሽ መርዕድ ሮጦ አቀፈው። አስሮጠው፣ አዘለለው፣ ጉልበቱን በእጁ ዳሰሰው።

«ያምሃል?»

«ምንም አያመኝም ጋሼ። ለእሁዱ ጨዋታ ዝግጁ ነኝ።»

አሰልጣኙ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ ፊቱን ግን ወደ ሜዳው አዞረ።

«አዲስ አጥቂ ለማስፈረም አንድ ሰው መቀነስ አለብን» አለው። «የተጎዳ ተጫዋች ማሰናበት ደግሞ ውሉ ይከለክላል። እስክትድን ነበር የምንጠብቀው።»