ክፍሉን በሳቅ ያፈረሰው ወረቀት

መምህርቷ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር የተማሪ ጽሑፍ አስቋት አያውቅም። የሚያስለቅስማ ሞልቷል፤ የፊደል ግድፈቱ ብቻውን ይበቃል።

የዚያ ሳምንት ትምህርት ስለ ቀልድ ነበር፤ በመጽሐፍ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በኑሮም ውስጥ።

«ምስጢሩ አንድ ነው» አለቻቸው የእጇን ጠመኔ እያራገፈች። «ጸሐፊው ራሱ አይስቅም። ኮስተር ብሎ ይናገር፣ ሳቁን ለእኛ ይተውልን።»

ከዚያ የሚያስቅ ታሪክ ፈጥረው እንዲያመጡ አዘዘች።

በዚያ ትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ የሚገባው በሩ ሥር ወደተቀመጠች የካርቶን ሣጥን ነው። ተማሪዎቹ ከሥራ ወደ ከሰዓቱ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሥራ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው፤ የቤት ሥራውንም፣ አቤቱታውንም፣ የፈቃድ ጥያቄውንም እዚያው ጣል አድርገው ይሄዳሉ። ስም አይጻፍም፤ ተራ ቁጥር ብቻ። መምህርቷ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ፣ እጇ እንደገባላት ታነባለች።

አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ስትደርስ ብቻዋን እንደ እብድ ሳቀች። አሥራ ሰባት ግንበኛው ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ የማይጠፋ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትንፍሽ የማይል ሰው። ወይ ጉድ! ከዚህ ሰውዬ ቀልድ ይወጣል ብሎ ማን ይወራረዳል?

በማግስቱ ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ከሥራ ስገባ እናቴ ሌባ ብላ ትጮኽብኛለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ልጅሽ እኮ ነው ሲላት፣ የኔ ልጅማ መልከ መልካም ነው ትላለች። ስለዚህ እንደ እንግዳ አንኳኩቼ መግባት ጀመርኩ። አሁን ደህና ታስተናግደኛለች፤ ስለ ልጇም ታወራኛለች። ትንሽ ሰነፍ ቢጤ ነው ትለኛለች። አንድ ቀን ሰለቸኝና ወጣ ብዬ፣ እማዬ መጣሁ እያልኩ ተመልሼ ገባሁ። ቀስ በል፣ እንግዳ አለ አለችኝ። አሁን ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት እኔን ፍለጋ መውጣት ጀምራለች። ስለዚህ ቤት ቁጭ ብዬ እኔን መጠበቅ አለብኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የታክሲ ሹፌሩ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በመሐረብ ጠረገች። ግንበኛው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ይመለከት ነበር።

«አያችሁት?» አለች መምህርቷ። «ኮስተር ማለት ይሄ ነው!»

አጨበጨቡለት።

ሲያበቁ ግንበኛው ቀርቦ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። «ቲቸር፣ ታዲያ ስለ ወረቀቴ ምን ይሉኛል?»

እሷ ግን እያነበበች ሳለ ጥርጣሬ ገብቷት ነበር። ከተማሪ አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያዩ መጠርጠር የመምህር በሽታ ነው።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ከየት ነው የገለበጥከው?»

«አልገለበጥኩም።»

«ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ወረቀት ያረምኩ ሰው ነኝ። ጥሬውን ከብስሉ እለያለሁ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ቀልድ አላውቅም።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ!» አለችና በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አሰፈረችበት።

ወረቀቱን አየው፣ እሷን አያት። ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

መምህርቷ መጀመሪያ «ጥፋተኛ ባይሆን መች ይሸሽ ነበር» አለች። ግን አላስቻላትም። ቤተ መጻሕፍት ገብታ የቀልድ መጽሐፍ ያለውን ሁሉ አገላበጠች። የለም። መጻሕፍቱን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ጠየቀች፤ እሳቸው ደግሞ ያላነበቡት ወረቀት የመድኃኒት ማሸጊያ ብቻ ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ነገር እኔ አላነበብኩም። የራሱ ነው።»

ያኔ ኅሊናዋ ይቆረቁራት ጀመር። ሰው በዕድሜው አንዴ ቢያምርለት፣ ሌባ ብዬ አባረርኩት! ያለ ፈቃድ አምስት ቀን የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከነገ ወዲያ አምስተኛው ነው። ግንበኛው ሲመዘገብ ምን እንዳላትም ታስታውሳለች፤ «ይቺን ምስክር ወረቀት ካገኘሁ ፎርማን ያደርጉኛል» ነበር ያላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ለእሷ ነው። ምግብ አልበላ አላት። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ቢላት፣ «ሰው በደልኩ» አለችው።

በአራተኛው ቀን፣ ክፍሉን ለሌላ መምህር ትታ፣ አድራሻውን ከመዝገብ ገልብጣ ወጣች። በመንገድ ሁሉ ይቅርታውን ስትለማመድ ነበር። ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ በክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ጽሑፉንም በትምህርት ቤቱ መጽሔት አወጣዋለሁ። ይሄን ስታስብ ትንሽ ቀለል አላት።

በሩን የከፈቱላት ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ፣ ፊታቸው ብሩህ የሆነ አሮጊት ናቸው። ከኋላቸው፣ በር አጠገብ ባለች ወንበር ጫፍ ላይ፣ ግንበኛው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው ገና ደጃፉ ላይ ቆማ። «አልገለበጥክም። አሁን አውቄያለሁ።»

አሮጊቷ እጇን ያዝ አደረጉና ወደ ውስጥ ሳቧት። «ልጄን ነው የፈለግሽው? ትምህርት ቤት ነው፣ አሁን ይመጣል፤ ግቢ ቁጭ በይ፣ እኚህ ሰውዬም እሱን ሲጠብቁ ነው የዋሉት።»